የለምለም እሺታ

ሮግስቬድ፣ መጋቢት 10 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለምለም፣

እኔ ደህና ነኝ፤ ጉንፋኑ ለቆኛል። እጅሽ ላይ ያየሁት ቁስልም እንደሻረ ተስፋ አደርጋለሁ። የጀልባ ሞተር ሳስነሣ ነው ብለሽኛል፤ አምኜሻለሁ።

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ፔንደልቶግ በሚሉት ባቡር አንድ ሰዓት ከሩብ ተጉዤ የማገኛት ሴት በፖስታ ስትጽፍልኝ መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ቀልዱ ጠፋ። ስልክ የለም፣ መምጣት የለም፣ በጽሑፍ ብቻ። «ንግግር የምትችለው አንተ ነህ፤ ወረቀት ላይ ግን እኩል ነን» ብለሻል። ይሁን።

አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ። ባለፈው ወር ኒኔስሃምን መጥቼ ወደቡ ላይ ስንሄድ ያነሣሁት ነገር በዚያ መልክ መነሣት አልነበረበትም። አፍንጫዬ በብርድ ቀልቶ፣ የጎትላንዱ መርከብ ጡሩንባውን እየነፋ፣ «ለምን እንደገና አንድ ላይ አንሆንም?» አልኩሽ። ስለ ባቡር ሰዓት የሚጠይቅ ሰው ነበር የምመስለው። አሥራ አንድ ዓመት በትዳር ኖረው አሥራ ስምንት ዓመት የተለያዩ ሰዎች ከዚህ የተሻለ አነጋገር ይገባቸዋል።

«ለምን አሁን?» ላልሽው መልሴ አጭር ነው። ሐምሌ ላይ በርሆቦት ሠርግ ፎቶ አንሺው «የሙሽራዋ ወላጆች» ብሎ ሲጠራ አጠገቤ መጥተሽ ቆምሽ። ፎቶዎቹ ሲታጠቡ ልጃችን በስዊድንኛዋ ምን አለችኝ መሰለሽ? «አባዬ፣ አንድ እንኳ ካሜራውን ያየህበት ፎቶ የለም።» አሥራ ሁለት ፎቶ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።

ብቸኝነት ነው እንዳትይ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀኔ ከሥራ ዘመኔ ይልቅ የተያዘ ነው። የሐበሻ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ነኝ። ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚጠሩት እኔን ነው። የጋብቻ ሽማግሌ ሆኜ አሥራ አራት ቤት ሄጃለሁ፤ አንዱም አልመለሰኝም። ይህን የምነግርሽ ለጉራ ብቻ አይደለም።

ለርሆቦት ገና ምንም አልነገርኳትም። አንቺስ?

ደጀኔ


ኒኔስሃምን፣ መጋቢት 24 ቀን 1999 ዓ.ም.

ደጀኔ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ቁስሉ ሽሯል። ሞተር ሳስነሣ ነው ያልኩህ እውነት ነው፤ ያልነገርኩህ ሞተሩ በደሴቶቹ መካከል እምቢ ብሎኝ ሁለት ሰዓት መቅዘፌን ነው። ሐሙስ ሐሙስ ወደ ደሴቶቹ የምሻገረው ነርስ እኔ ነኝ። ቁስል የሚጠረግላቸው፣ ደም ግፊታቸው የሚለካ ዘጠኝ አዛውንት አሉኝ። በዚያ ቀን ዘጠኙንም አይቼ ነው የተመለስኩት። የጀልባ ነጂነት ፈተናውን በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ሳልፍ ፈታኙ ወረቀቴን ሁለት ጊዜ ገልብጦ አይቶታል። ስለዚህ ወደቡ ላይ የጠየቅኸኝን፣ «አይከብድሽም ወይ?» ያልከውን፣ እዚህ ላይ ዝጋው።

ለርሆቦት እኔም አልነገርኳትም። ታውቃለች ግን።

እዚያው ወደቡ ላይ ሌላ ሰው አለ ወይ ላልከው፦ የለም። ነበረ። ሦስት ዓመት። ጥሩ ሰው ነበር፤ የተውኩት እኔ ነኝ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አሁን እኔ የምጽፈውን ደግሞ ቁጭ ብለህ አንብብ።

1981 ዓ.ም.፣ የካቲት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የማኅበሩ አዳራሽ። ሰማንያ ያህል ሰው ነበር። እኔ በግራ እጄ ሳህን፣ በቀኝ እጄ ርሆቦትን ይዤ ከኋላ ቆሜያለሁ። አንተ መድረኩ ላይ ወጥተህ ሉሳካ ሥራ ማግኘትህን ተናገርክ። ሰው አጨበጨበ። ቀጥለህ «ለምለምም ትከተለኛለች፤ ተስማምተናል» አልክ። ሰው እንደገና አጨበጨበ። ሉሳካ የሚባለውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ከሰማንያው ሰው ጋር እኩል ነው። ልጅ እያሳደግኩ የጀመርኩትን የነርስነት ትምህርት ልጨርስ አምስት ወር ቀርቶኝ ነበር። አጠገቤ የነበሩ ሴቶች «እንኳን ደስ አለሽ» ብለው ሳሙኝ፤ እኔም መልሼ ሳምኳቸው። ምን ላድርግ?

አልተከተልኩህም። የፍቺውን ወረቀት በፖስታ ተላልከን ፈረምን። ሰው የሚያስበው አንተ ስለሄድክ እንደተለያየን ነው። አይደለም። ስላልጠየቅኸኝ ነው። ለነገሩ መጀመሪያም አልጠየቅኸኝም። በ1970 ማዘጋጃ ቤት ሄደን ከመፈረማችን በፊት ያልከኝ «ማክሰኞ ነፃ ነሽ?» ነው።

ስለዚህ የምፈልገውን ልንገርህ። በሰው ፊት ያላልኩትን ብላለች ብለህ ተናግረሃል፤ በሰው ፊት ትጠይቀኛለህ። ሽማግሌ ላክ።

ለምለም


ሮግስቬድ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለምለም፣

እንኳን ለትንሣኤው በሰላም አደረሰሽ። መልሴ የቆየው ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ስለቀደድኩት ነው።

የመጀመሪያው ቁጣ ነበር። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። «ሽማግሌው ሽማግሌ ላከ» ብሎ የማይስቅብኝ ሐበሻ ከሮግስቬድ እስከ ኖርስቦሪ አይገኝም። ደግሞ ተማሪ ሳለን ሽማግሌ መላክ ሴትን እንደ ከብት መገበያየት ነው ብዬ የጻፍኩትን ጽሑፍ በታይፕ የመታሽው አንቺ ነሽ፤ ሁለት ቦታም አርመሽልኛል። አሁን ያንኑ ከእኔ ስትፈልጊ ምን ልበል?

ሁለተኛው ክርክር ነበር። የሉሳካውን ነገር አስቀድሜ ነግሬሻለሁ ብዬ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አምኛለሁ። ይህንኑ ላስረዳሽ የዚያን ዓመት ማስታወሻ ደብተሬን ከሳጥን አወጣሁ። ሥራውን የተቀበልኩት ረቡዕ ነው፤ ሰዓቱ ሳይቀር ተጽፏል። ሐሙስ ከአለቃዬ ጋር ምሳ በላሁ። ዓርብ ክትባት ተወጋሁ። ቅዳሜ ስብሰባ። ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ ስምሽ የለም። ገጾቹን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ገለበጥኩ፤ የለም።

ሦስተኛውን የቀደድኩት ልመና ስለበዛበት ነው። ይህኛው አራተኛው ነው፤ አልቀደውም።

ሽማግሌ እልካለሁ። ጋሽ ቸሩ ይመሩታል፤ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ በዚህ ከተማ ከእሳቸው በላይ የሚከበር ሰው የለንም። መምሬ ንጋቱ አሉ። ሦስተኛው ብዙአየሁ ነው፤ ማዘጋጃ ቤት ምስክር ሆኖ የፈረመልን እሱ ስለሆነ «ሥራዬን ልጨርስ» ብሎ ሳቀ። አንድ ነገር ብቻ አስቸገረኝ። አባትሽ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ የሉም። ወንድም የለሽም። ለማን ይምጡ?

ደጀኔ


ኒኔስሃምን፣ ሚያዝያ 21 ቀን 1999 ዓ.ም.

ደጀኔ፣

ለእኔ ይምጡ።

ጽሑፍህን አስታውሳለሁ። ያረምኩት ሁለት ቦታ ሳይሆን አምስት ቦታ ነው። ያኔ የተቃወምነው ሴቷ ሳትጠየቅ መሰጠቷን ነበር። አሁን የምልህ፣ ሽማግሌው ሴቷን ይጠይቅ ነው። ልዩነቱ ካልተገለጸልህ ሌላ ደብዳቤ ጻፍልኝ። ከተገለጸልህ ለሽማግሌዎችህ ንገራቸው።

ማስታወሻ ደብተርህን ስለከፈትክ አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው አይከፍትም።

እሑድ ግንቦት 26 ይመቸኛል። ርሆቦትና ባሏ ሮቢ ከእኔ ጋር ይሆናሉ፤ አንድ ሰው በር የሚከፍት፣ አንድ ሰው የሚያስተናግድ ያስፈልጋል። አንተ እንዳትመጣ። ለጋሽ ቸሩ የሰኔ ጾም ስለሚሆን ምስር እሠራለሁ፤ ዓሣ ለሚበላ ዓሣ አለ። ከጣቢያው ቤቴ ድረስ ዳገት ነው፤ ቀስ ብለው ይውጡ በልልኝ። ከሱፍ ካፖርት የቀለለ ነገር አይልበሱ፤ እዚህ ነፋሱ በግንቦትም አያምርም።

ለምለም


ሮግስቬድ፣ ግንቦት 26 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለምለም፣ ለምለሜ፣

ብዙአየሁ ዛሬ ከቤትሽ ደወለልኝ። ስልኩን ለጋሽ ቸሩ ሰጣቸው። «ደጀኔ፣ ተሰጠን! ክብር ምስጋና ለእሱ፣ አላስለመኑንም!» አሉኝ። ከኋላ መምሬ ሲመርቁ ይሰማኛል። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ ስል ነበር። አሥራ አራት ቤት ሄጄ ይህን ቃል ሌላ ሰው ሲሰማው አይቻለሁ፤ ለራሴ ስሰማው ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ይቅርታ፣ ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ አልቻልኩም። ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል አብራሽ ትሠራ ለነበረችው ለትጊ ደወልኩ፤ እልል አለችልኝ። ለማኅበሩ ጸሐፊም ነገርኩ። መስከረም ላይ ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረትን ስንቀበል አዳራሹ ውስጥ ይፋ እናደርገዋለን፤ ከዚህ የተሻለ ቀን የለም። የሮግስቬዱ ቤት ሁለታችንን ይበቃል፤ የመጻሕፍቱን ክፍል ላንቺ እለቅልሻለሁ።

ሽማግሌዎቹ ማታ ሲመለሱ ምግብሽን አመስግነዋል። አንቺ በምን ቃል እሺ እንዳልሽ ግን አልነገሩኝም። አንቺው ጻፊልኝ። ቃል በቃል።

ያንቺው ደጀኔ


ኒኔስሃምን፣ ግንቦት 29 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር ኢንጂነር ደጀኔ፣

ጤና ይስጥልኝ። በምን ቃል እሺ እንዳልኩ እንድጽፍልዎ ጠይቀዋል። ቃል በቃል እጽፍልዎታለሁ።

ሽማግሌዎቹ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ደረሱ። ሰላምታ ተለዋውጠን አስቀመጥኳቸው። ዓሣው እንዳያርርብኝ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ፤ ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። በሩ ክፍት ስለሆነ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ጋሽ ቸሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ሮቢ ዞሩ።

«ልጄ፣ የዚህ ቤት ወንድ አንተ ነህ።»

ሮቢ እዚህ አድጎ እንዲህ ተብሎ አያውቅም። ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

«እናታችንን ወይዘሮ ለምለምን ለወንድማችን ለአቶ ደጀኔ ትሰጡናላችሁ ወይ ብለን ደጃችሁ መጥተናል። እስክትመልስልን አንቀመጥም ነበር፤ ጉልበቴ ስለሚያመኝ ተቀምጫለሁ።»

«ያ፣ አብሶሉት!» አለ ሮቢ፤ አዎ፣ እንዴታ ማለቱ ነው። «እኔማ በጣም ነው ደስ የሚለኝ። ውሰዷቸው!»

ውሰዷቸው።

ማማሰያውን እንደያዝኩ ስወጣ መምሬ ቆመው ይመርቁ ነበር፤ ብዙአየሁ ስልክ እየደወለ ነው። ርሆቦት ባሏን በስዊድንኛ «ምን አደረግህ?» ስትለው፣ «ምን ላድርግ፣ ጠየቁኝ መለስኩ» አላት። ልጁን አልቀየምኩትም። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ትልቅ ሰው አክብሮ ጠየቀው፤ አክብሮ መለሰ። ያልተጠየቅኩት እኔ ነኝ።

ለምን ዝም አልሽ ይሉኝ ይሆናል። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ዳገት ወጥተው ቤቴ መጥተዋል። እንግዳዬን አላሳፍርም፤ ያን ያህል አልወረድኩም። አበላኋቸው። ጋሽ ቸሩ ምስሩን ሁለት ጊዜ አስጨምረዋል። እስከ ጣቢያው ሸኘኋቸው፤ ባቡሩ እስኪንቀሳቀስ እጄን አውለበለብኩ።

ሽማግሌዎቹ ሴቷን እንዲጠይቁ ይንገሯቸው ብዬ ጽፌልዎት ነበር። ሚያዝያ 21። እንደነገሯቸው አላውቅም፤ ከሁኔታው ግን ይታየኛል።

መጀመሪያ በሰማንያ ሰው ፊት ሳልጠየቅ ተሰጠሁ። አሁን ደግሞ በገዛ ቤቴ። ሮግስቬድ ስለሚለቁልኝ የመጻሕፍት ክፍል አመሰግናለሁ፤ ክፍል አለኝ፣ መስኮቱ ባሕር ያሳያል።

አይጻፉልኝ።

ለምለም


ሮግስቬድ፣ ሰኔ 5 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለምለም፣

አይጻፉልኝ ብለሻል። ይህ የመጨረሻው ነው፤ ምንም አይጠይቅሽም። መልስ ላደርስልሽ ነው የምጽፈው።

አልነገርኳቸውም። ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ጋሽ ቸሩን የሽማግሌነት ሥርዓት ላስተምር ነውን ብዬ አፈርኩ። የእሳቸውን ክብር ጠበቅኩ፤ ያንቺን ጣልኩ። ሌላ ሰበብ የለኝም።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን ጋሽ ቸሩ ዘንድ ሄጄ የተሰጠንን እሺታ እንደማልቀበል ነገርኳቸው።

«የተሰጠውን የሚመልስ ሙሽራ ምን ዓይነት ነው?» አሉኝ።

«እሷ አላለችም፣ ጋሼ።»

«ቤተሰቧ አለ።»

«ሮቢ እኮ የኔም አማች ነው። የገዛ አማቼን ነው ያስለመንኩት።»

ከወጥ ቤት ባለቤታቸው ወይዘሮ ጣይቱ፣ «ቸሩ፣ ሴትየዋ ፊት ለፊትህ ቆማ ጎረምሳውን ጠየቅህ?» አለች። እሳቸው፣ «ፊት ለፊቴ አልነበረችም፤ ዓሣ ትጠብስ ነበር» ሲሉ፣ «እኔንም ስትጠይቀኝ ሌላ ሰው ነው የመለሰልህ፤ እኔም ያኔ ሽንኩርት እከትፍ ነበር» አለቻቸው። ጋሽ ቸሩ ከዚያ ወዲያ አልተከራከሩኝም። ኮፍያቸውን አንሥተው መስኮቱ ዘንድ ሄደው ቆሙ።

ከዚያ ወጥቼ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ። አሥራ አራቱን ቤቶች አንድ በአንድ አስታወስኩ። አባት የመለሱበት አለ፤ አጎት የመለሱበት አለ፤ በስልክ ከአዲስ አበባ የተመለሰበት አለ። ከአሥራ አራቱ በአንዱ እንኳ የሴቲቱን ድምፅ አልሰማሁም። እሷም ፈልጋ ነው ብለን ነበር የምንሄደው፤ ብዙዎቹም ፈልገው ነው። ግን አልጠየቅናቸውም። አንዱም አልመለሰኝም ብዬ ስጽፍልሽ የኮራሁበትን አሁን ሳስበው ደስ አይለኝም።

እሺታሽ ተመልሷል። ያላልሽውን ብላለች የሚል ሰው ካለ ከእኔ ጋር ነው የሚነጋገረው።

ደህና ሁኚ። ሞተሩን ክረምት ሳይገባ አስፈትሺው።

ደጀኔ


ኒኔስሃምን፣ መስከረም 9 ቀን 2000 ዓ.ም.

ደጀኔ፣

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረህ። ሦስት ወር ዝም ማለቴን አውቃለሁ። ሞተሩ ተፈትሿል፤ ማጣሪያው ነበር።

ትጊ ደወለችልኝ። ከእሷ አፍ የሰማሁትን እንዳለ ልጻፍልህ፦

«ስሚ፣ ሚሌኒየም ሚሌኒየም ስንል ውለን ደጀኔ ማይክሮፎኑን ያዘ። ድፎው ሊቆረስ ነው ብለን ጠበቅን። ሰውየው ምን አለ መሰለሽ! ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት እዚህ መድረክ ላይ ለምለም ትከተለኛለች፣ ተስማምተናል ብዬ ነበር፤ አልተስማማንም፣ አልጠየቅኋትም፣ ዋሽቻችኋለሁ አለ። ግንቦት ላይ ደግሞ ተሰጠችኝ ብዬ አወራሁ፤ እሱም ሐሰት ነው፣ እሷ አላለችም አለ። ከኋላ አንዱ ‹ሊቀ መንበራችን ቀማምሷል› አለ፤ ሰው ሳቀ። እሱ ግን እንባውን እያፈሰሰ፣ ያቺ ሴት ክብሯን ይዛ ነው የኖረችው ብሎ ወረደ። ሊቀ መንበርነቱንም ለቀቀ! ለምለም፣ አለሽ?»

አለሁ አልኳት።

ሦስት ነገር ልጠይቅህ። ትጊ እንዳለችው ነው ወይ? ከሆነ ለምን አልጻፍክልኝም? እንባስ ነበረ?

ለምለም


ሮግስቬድ፣ መስከረም 14 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለምለም፣

የእጅ ጽሑፍሽን ፖስታው ላይ ሳይ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ነው የከፈትኩት።

ትጊ ነገር ታሳምራለች፤ ላርመው። እንባ አልነበረም። መነጽሬን አውልቄ ጠርጌያለሁ፤ አዳራሹ ይሞቃል። «ክብሯን ይዛ ኖራለች» አላልኩም፤ ያልኩት «እኔ በተናገርኩት እሷ አትጠየቅበትም» ነው። ቀማምሷል ያለው ሰው ብዙአየሁ ነው። ሊያድነኝ ፈልጎ ነው፤ ሰው በቀልድ እንዲያልፈው። አልጠጣሁም ብዬ እንደገና ከመጀመሪያው ተናገርኩት። ሊቀ መንበርነቱን መልቀቄ እውነት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሳምንት ቆይቼ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር፣ ሰው ተገዶ ነው እንዳይል። ግድ የለም።

ያልጻፍኩልሽ፣ ብጽፍልሽ ላንቺ የተከፈለ ዋጋ ይመስል ስለነበር ነው። ያንን ያልኩት ለመታረቅ አይደለም። ውሸቱን የተናገርኩት በዚያ አዳራሽ ስለሆነ እዚያው ማንሣት ነበረብኝ። አንቺ ባትሰሚውም እለው ነበር። ቤቴ ስደርስ፣ ላፍር ሲገባኝ፣ አንገቴን ቀና ብሎ አገኘሁት። ስልሳ አንድ ዓመት ብዙ ንግግር አድርጌያለሁ፤ የምኮራው በዚህ በአንዱ ነው።

አሁን፣ ከጻፍሽልኝ ዘንድ፣ በእኩል ሜዳችን ላይ ልጠይቅሽ። ሽማግሌ አልላክሁም፣ ለማንም አልነገርኩም።

ለምለም፣ ታገቢኛለሽ ወይ? እምቢ ካልሽ እምቢታሽን ለሚጠይቀኝ ሁሉ ቀና ብዬ እነግራለሁ። እሺ ካልሽ ደግሞ አንቺው እስክትናገሪ ድረስ አፌን አልከፍትም።

ማክሰኞ ነፃ ነሽ ወይ አላልኩም።

ደጀኔ


ኒኔስሃምን፣ መስከረም 22 ቀን 2000 ዓ.ም.

ደጀኔ፣

እሺ።

ቃሉን ብቻውን በአንድ መስመር የጻፍኩት ማንም ጨመረበት ቀነሰበት እንዳይል ነው። ሳስብበት ስምንት ቀን ወሰደብኝ፤ ስምንቱንም ቀን ማንንም አላማከርኩም። ሃምሳ አራት ዓመት ሞልቶኝ አንድ ሰው «ወይ?» ብሎ ጽፎ መልሴን ሲጠብቅ ደስ ብሎኝ ቆየሁ፤ ይህን አልደብቅህም።

ነገር ግን የእኔ እሺታ የነገሩ ግማሽ ነው። እኔ ከዚህ አልነቃነቅም። ዘጠኝ አዛውንት አሉኝ፤ አንዷ ቁስሏን ከእኔ በቀር ለማንም አታሳይም። ሐሙስ በበረዶም በዝናብም እሻገራለሁ። አንተ ከሉሳካ ከተመለስክ ወዲህ ሮግስቬድ የተከልከው ስም አለህ፤ ጓደኛ አለህ፤ መንገድ ላይ «ኢንጂነር!» የሚልህ ሰው አለ። እዚህ የሚያውቅህ የለም። እዚህ የነርሷ ባል ነህ፣ በቃ። ይህን ላንተ መወሰን አልችልም። ይከተለኛል፣ ተስማምተናል አልልም።

ስለዚህ ሽማግሌ ልኬብሃለሁ። ቅዳሜ ጥቅምት 2፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። የምትመራው ወይዘሮ ጣይቱ ናት፤ ስነግራት «ይኼን ነገር ለመናገር አርባ አምስት ዓመት ተዘጋጅቻለሁ» አለችኝ። ሁለተኛዋ ትጊ ናት። ሦስተኛዋ ጎረቤቴ ኢንግሪድ ናት፤ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፣ አማርኛ አትሰማም፣ ምስክር መሆን ግን ትችላለች። ጋሽ ቸሩ አብሬ ልምጣ ብለው ነበር፤ ወይዘሮ ጣይቱ አልፈቀደችላቸውም።

አንተን ጠይቀው ሌላ ሰው እንዳይመልስ ብቻህን ሁን። በሥርዓታችን ሽማግሌን አንድ ጊዜ መመለስ ትችላለህ፤ ሰው ያስባል፣ አልቀየምህም። የሚሰማህን ተናገር። እኔን ደስ ለማሰኘት አትመልስ፤ ያን ዓይነቱን መልስ አልፈልገውም።

ለምለም


ሮግስቬድ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለምለም፣

ሦስቱም አሁን ሄዱ። እስከ ጣቢያው ልሸኛቸው ብል ወይዘሮ ጣይቱ «ሽማግሌ አይሸኝም» ብላ ከለከለችኝ። የሆነውን ሳይቀዘቅዝ ልጻፍልሽ።

ከጠዋት ጀምሮ ሸሚዝ ሦስት ጊዜ ቀይሬያለሁ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቀን ጀምሮ አስቤበታለሁ፤ ስለ ስሜም፣ ስለ ጓደኞቼም፣ የነርሷ ባል ስለመባልም። ሁለት ቀን ከብዶኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ስለ ምን እንደከበደኝ ራሴን ጠየቅኩ፤ አንቺ ይህንኑ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በእጅሽ ሳህን ይዘሽ እንድትወስኚ ነበር የፈለግኩት። እኔ አሥር ቀን ተሰጥቶኛል።

ገቡ። አንቀመጥም አሉ። ወይዘሮ ጣይቱ ነጠላዋን አስተካክላ «አቶ ደጀኔ፣ የመጣንበት ጉዳይ…» ስትል፣

«እሺ!» አልኩ።

«ኧረ ቆይ! ገና መች ጠየቅንህ?»

«ይቅርታ፣ እትዬ።»

«አርባ አምስት ዓመት ያዘጋጀሁትን ንግግር በአንድ ቃል ልትዘጋብኝ?»

ትጊ ሳቋን መያዝ አቅቷት ግድግዳውን ተደገፈች። ኢንግሪድ ምን እንደሆነ ጠየቀች። ትጊ ሳይጠየቅ መለሰ ብላ ስትተረጉምላት፣ ኢንግሪድ ጭንቅላቷን ነቅንቃ በስዊድንኛ «እንግዲያው አይቆጠርም፤ እንደገና ይጀመር» አለች።

እንደገና ተጀመረ። ወይዘሮ ጣይቱ በረጅሙ ተነፈሰች። ያንቺን ስም ከነአባትሽ ጠራች፤ የኔን ከነአባቴ ጠራች። ሥራሽን ተናገረች፣ ደሴቶቹን ተናገረች፣ ዘጠኙን አዛውንት ተናገረች። ከዚያ ቀጥ ብላ ዓይኔን እያየች፣ ለምለምን ተከትለህ፣ በእሷ ከተማ፣ በእሷ ቤት ትኖራለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሦስቱም መልሴን እየጠበቁ እኔን ብቻ ያያሉ።

በሕይወቴ እንዲህ ተጠብቄ አላውቅም። ኮቴን ቆለፍኩ፤ ብድግ ብዬ ቆምኩ፤ ከዚያ «እሺ» ብዬ መለስኩ።

ደጀኔ